ቺንጋ የሚበላው ዚል፦ ከደሴ የቀረበ ጥያቄና የተሰጡት 24 ምላሾች

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደሴ ነው። መኪናዬ ዚል 131፣ የሶቪየት የጭነት መኪና ነው፤ ሠራዊቱ ተገልግሎበት፣ ከዚያ አንድ መሥሪያ ቤት ወስዶት፣ በመጨረሻ በጨረታ እኔ እጅ የገባ። ጀርባው ላይ የውሃ ቦቴ ጭኜበት ለግንባታ ቦታዎችና ቧንቧ ለሚጠፋባቸው ሰፈሮች ውሃ አመላልስበታለሁ። ሞተሩ የጥንቱ ነው፤ ስምንት ሲሊንደር፣ ስድስት ሊትር፣ 150 የፈረስ ጉልበት፣ ቤንዚን። ስለ ቤንዚኑ ማንም እንዳያነሣብኝ፤ እርሱን ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል።

ጥያቄዬ ስለ ቺንጋ፣ ሞተሩ ፋኑን ስለሚያዞርበት የጎማ ቀበቶ ነው። በስምንት ወር ውስጥ የፋኑን ቺንጋ አራት ጊዜ ቀይሬያለሁ። አዲሱ ሲገባ አንድ ሁለት ሳምንት ዝም ይላል፤ ከዚያ ጠዋት ሞተር ሲነሣ ሊታረድ እንደተያዘ ፍየል መጮኽ ይጀምራል። ኮፋኖውን ስከፍት የሞተሩ ፊት በጥቁር የጎማ ብናኝ ተለብጦ አገኘዋለሁ። ባዶውን ሲሄድ ምንም አይል። ቦቴውን ሞልቼ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ስወጣ ግን የሙቀት መለኪያው አብሮኝ ዳገት ይወጣል። ቺንጋውን ጠበቅ ሳደርገው ጩኸቱ ይቀራል፤ ባለፈው እንዲያ አጥብቄ የውሃ ፓምፑን ኩሽኔታ፣ ዘንጉ የሚዞርበትን፣ ገደልሁት። ሁለት መካኒኮች አይተውታል። አንደኛው ጥፋቱን ሁሉ በቺንጋው ጥራት ላይ አላከከ፤ ሁለተኛው መኪናውን ሸጬ ኢሱዙ እንድገዛ መከረኝ። የእኔ ጥርጣሬ የዲናሞው መቀመጫ ተጣሟል የሚል ነው። ይህን ሞተር የፈታ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ጥያቄው ይህ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ተባለ፤ ከመካከሉ ገብቶ የሚያነብ ሰው ደግሞ የተመለሰውን መልሶ ስለሚጠይቅ፣ የመጣውን ምላሽ በየተራው እዚህ አሰፍረዋለሁ። ፈረድህብን የሚለኝ ካለ አዎን፣ አንዳንዱ ላይ ፈርጃለሁ።

1ኛ ምላሽ። ከኮምቦልቻ የመጣ ነው። ጸሐፊው እንደ አገራችን ወግ የእኔን፣ የቤተሰቤን፣ የከብቶቼንም ደኅንነት ጠይቆ (ከብት የለኝም) ወደ ቁም ነገሩ ገባ። የቺንጋውን ስፋት በመለኪያ ለክቼ እንደሆነ ወይስ ባለሱቁ በዐይኑ ገምቶ የሰጠኝ እንደሆነ ማወቅ ፈለገ። በሁለት ፑሌጃዎች (ቺንጋው በሚዞርባቸው ባለ ቦይ መንኮራኩሮች) መካከል ቺንጋውን በአውራ ጣት ስጫነው ምን ያህል እንደሚሰምጥም ጠየቀ፤ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ከሆነ ውጥረቱ ደኅና ነው ባይ ነው። ለክቻለሁ፣ ውጥረቱም እንዳልኸው ነው ብዬ መለስሁ። ጨዋ ሰው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን አልተመለሰም።

2ኛ ምላሽ። ቺንጋ የሚሸጥ ሰው ነው። የገዛኋቸው ሁሉ አስመስለው የተሠሩ መሆናቸውን፣ የእርሱ ግን ዕድሜ ልክ የሚያገለግሉ መሆናቸውን ጻፈ። የመኪናዬን ዓይነት እንኳ አላነበበም፤ የቶዮታ ቺንጋ ነበር ያቀረበልኝ።

3ኛ ምላሽ። አንድ መስመር ብቻ። ቺንጋውን አውልቄ የፑሌጃውን ቦይ ወለል በጣቴ እንድዳስሰውና ያብለጨልጭ እንደሆነ እንድናገር የሚጠይቅ። ሰላምታ የለው፣ ማብራሪያ የለው። እኔም አለፍሁት፣ ሌላውም አለፈው። ቁጥሩን ያዙልኝ።

4ኛ ምላሽ። ከኩታበር፣ ወፍጮ ቤት ያለው ሰው። ለመኪና ተብሎ የሚሸጠው ቺንጋ ውድ እንጂ ጠንካራ አይደለም አለና የራሱን ታሪክ ተረከ። የአጎቱ የጭነት መኪና ቺንጋው ተበጥሶበት ሲቆም ከወፍጮው ላይ ፈትቶ ሰጠው፤ ስፋቱ ልክ ሆኖ ገባ፤ አጎቱም ደሴ ገብቶ፣ ሐይቅ ደርሶ ተመለሰ። ወፍጮ ቀኑን ሙሉ በቆሎ ሲፈጭ የሚውል ቺንጋ አንድ ፋን ማዞር እንዴት ያቅተዋል የሚል ክርክር ነበረው።

5ኛ ምላሽ። የጨዋነቱ ወራት እዚህ ላይ አበቃ። ይህኛው ጸሐፊ ባለወፍጮውን እንደ ተማሪ አቁሞ ገሠጸው። የወፍጮ ቺንጋ በላይ ስፋቱ 17 ሚሊ ሜትር ሆኖ ከመኪናው ጋር ሊገጥም ይችላል፤ የሚሠራው ግን በትልልቅ ፑሌጃ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቤት ውስጥ ነው። ሞተር ፊት ሲገባ ሙቀት አለ፣ ዘይት ይረጫል፣ የዲናሞው ፑሌጃ ደግሞ ትንሽ ስለሆነ በየዙሩ አጥብቆ ያጥፈዋል። ውስጡ ጥርስ ጥርስ ሆኖ የተቆረጠው የመኪና ቺንጋ የተሠራው ለዚያ መታጠፍ ነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም እውነት ነው። መጨረሻ ላይ ግን ባለወፍጮው ወደ በቆሎው እንዲመለስ መጨመሩ የሚያስፈልግ አልነበረም።

6ኛ ምላሽ። መምህር ይመስለኛል፤ አጻጻፉ ሁሉ ጥቁር ሰሌዳ ይሸታል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ ደግሞ በ94 ገደማ። ስለዚህ ሐረጎን ስወጣ ሞተሩ ቢፈላ ጥፋቱ የተራራው እንጂ የቺንጋው አይደለም ሲል ደመደመ።

7ኛ ምላሽ። ለመምህሩ የተሰጠ እርማት ነው፤ በትሕትና የተጻፈ። የራዲያተሩ ክዳን በደንብ የሚገጥም ከሆነ በውስጡ ግፊት ስለሚይዝ ውሃው ከዚያ በላይ ካልሞቀ አይፈላም። ከፍታው ደግሞ ቺንጋ አይበላም፤ ብናኙ ከየት መጣ? ክዳኑን አውጥቼ ባየው ውስጡ ያለው ጎማ እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈረካከሰ። ያንኑ ዕለት ቀየርሁት። ጥያቄዬ ባይመለስም ከዚህ ውይይት ያገኘሁት የመጀመሪያው ጥቅም ይህ ነው።

8ኛ ምላሽ። ጡረታ የወጡ የሠራዊት መካኒክ ናቸው። ልጄ ብለው ጀመሩ፤ ከዚያ ወዲህ ሁላችንም ጋሼ እያልናቸው ዘለቅን። በደርግ ጊዜ የአሰብን መንገድ በቅጥልጥል ጉዞ ይመላለሱ ነበር። ከሚሌ ወደ ባቲ ሲመጡ፣ ቀትር ላይ፣ በዚያ ሐሩር የአንዱ ዚል ቺንጋ ተበጠሰ። መለዋወጫ ቢፈለግ ጠፋ። እርሳቸው ከአሮጌ ካላማዳሪ ላይ ረዘም ያለ ጠፍር ቆረጡ፣ ጠመዘዙት፣ ቋጠሩት፣ አስገቡት። ቋጠሮው ፑሌጃው ላይ በደረሰ ቁጥር ጠቅ ጠቅ እያለ ባቲ ድረስ አደረሳቸው፤ ሾፌሩ ድምፁን ለምዶት ሲቆም እንቅልፍ እንደሚያጣ ሲቀልድ ነበር ይላሉ።

ከወጉ ጋር የሰጡት ትምህርትም ነበር። በዚህ መኪና ላይ የኮምፕረሰሩ ቺንጋ እንደሌሎቹ አይደለም። ኮምፕረሰሩ ፍሬኑን ይመግባል፤ ጎማዎቹም ከጋቢናው ሳይወረድ የሚነፉት በእርሱ አየር ነው። ፋኑና የውሃ ፓምፑ ከቆሙ የሚኬደው እስኪፈላ ብቻ ነው። ኮምፕረሰሩ ከቆመ ደግሞ ቁልቁለት አይጀመርም፤ እዚያው ይታደራል። የእኔን ችግር በተመለከተ ግን ጋሼ የድሮው የሶቪየት ቺንጋ ጥሩ እንደነበር ከመናገር አላለፉም።

ከ9ኛ እስከ 11ኛ ያሉት ሦስት ምላሾች ከጥያቄዬ ጋር አይተዋወቁም። አንዱ ኡራል 375 ሰባት ሊትር ሞተርና 180 የፈረስ ጉልበት ስላለው ከዚል እንደሚበልጥ ጻፈ። ሌላው የኡራል ክብር የመጣው በናፍጣ የሚሠራው 4320 ሲተካው ነው፣ ቤንዚኑን ኡራል የሚያወድስ ሰው በራሱ ገንዘብ ነድቶት አያውቅም አለ። ሦስተኛው ሁለቱንም ትቶ ፊያት ኤንትሬን አነሣ፤ በአሰብ መንገድ የሠራችው እርሷ ናት፣ ሌላው ሁሉ ተከታይ ነው ባይ ነው። ከዚያ የወታደር መኪና ወደ አገራችን መቼ ገባ የሚል ሙግት ተነሣ። በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የመከላከያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ የአሜሪካኖቹ እንደ መጡ፣ የሶቪየቶቹ ደግሞ በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ፣ በ1970 ዓ.ም. እንደ ጎረፉ ከተናገሩ በኋላ፣ ያንን ዘመን ማን አበላሸው ወደሚለው ተሻገሩ። የመድረኩ ኃላፊ ግማሹን አጠፋው። የቀረውም ቢጠፋ ቅር አይለኝም ነበር።

12ኛ ምላሽ። በቶርኖ፣ ብረት በሚቀርጸው ማሽን ላይ የምትሠራ እኅታችን ናት፣ ከኮምቦልቻ። አሥራ አንድ ምላሽ ተጽፎ ሦስተኛውን ማንም እንዳላነበበው በመገረም ጀመረች፤ ከዚያም አንዱ መስመር ለምን ትልቅ እንደሆነ አስረዳች። የዚህ ዓይነት ቺንጋ የሚሠራው በወለሉ ሳይሆን በጎኖቹ ነው። በሁለቱ የቦይ ግድግዳዎች መካከል እንደ ሽብልቅ ይገባል፤ ጭነቱ ሲበዛ ይበልጥ ይነክሳል። ጎኖቹ ወደ 40 ዲግሪ ተጠግተው የተቆረጡ ናቸው፤ የፑሌጃው ቦይ ደግሞ ከዚያ ጥቂት ጠበብ ብሎ ከ34 እስከ 38 ይሆናል፣ ምክንያቱም ቺንጋው ሲታጠፍ የውስጥ ወገኑ አብጦ የጎኖቹ ማዕዘን ይጠባል። ግድግዳዎቹ ለዓመታት ተበልተው እንደ ማንኪያ ከጎደጎዱ ቺንጋው ይሰምጥና ወለሉ ላይ ይቀመጣል። ያን ጊዜ መንከሱ ቀርቶ መንሸራተት ይጀምራል። ብናኙ ከዚያ ይመጣል፣ ጩኸቱም፣ የወለሉ ማብለጭለጭም። እንዲህ በሆነ ፑሌጃ ላይ ቺንጋ ማጥበቅ ኩሽኔታ ከመግደል ሌላ ጥቅም የለውም። የእኔን ፓምፕ ስም አልጠራችም፤ ግን ገባኝ።

13ኛው የእኔ ነው። ባትሪ ይዤ መኪናው ሥር ገባሁ፣ ቺንጋውን አላላሁ፣ ጣቴን ሰደድሁ። በክራንክ ሻፍቱ፣ በሞተሩ ዋና ዘንግ፣ አፍንጫ ላይ ያለው ትልቁ ፑሌጃ፣ ሌሎቹ ሁሉ የሚታዘዙለት፣ ወለሉ እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል። የዲናሞውን መቀመጫ በሲባጎ ለካሁት፤ አልተጣመመም። ጥርጣሬዬ እዚያው ሞተ። ውሃውን አፍስሼ ራዲያተሩንና ፋኑን አወረድሁ፤ ቺንጋዎቹን ከፊት ካለው ጀምሬ በተራ አወጣሁ። ከዚያ ፑሌጃውን የያዘው ጥርሳሙ ብሎን ላይ ደረስሁ። ማኖቬላ፣ ሞተር በእጅ የሚነሣበት ብረት፣ የሚነክሰው፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቁልፍ አስገብቼ፣ በቁልፉ እጀታ ላይ ሁለት ሜትር ቧንቧ ሰክቼ፣ የእኅቴን ልጅ ጨምሬ ሳብን። ቁልፉ ሸርተት ብሎ አንዱን ማዕዘን ላጠው። ብሎኑ ንቅንቅ አላለም። ጥያቄዬን ለወጥሁ፦ ይህ ነገር እንዴት ይፈታል?

14ኛ ምላሽ። የብሎኑ ጠመዝማዛ ጥርስ የተገላቢጦሽ ስለሆነ ወደ ቀኝ እንድፈታው በሙሉ ልብ አዘዘኝ። እንዲህ ያለ በራስ መተማመን የምቀናበት ነገር ነው።

15ኛ ምላሽ። ስለቱ የወጣ መልስ ነበር። ጸሐፊው 14ኛውን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው፦ በሕይወቱ ማኖቬላ ዞሮ አይቶ ያውቃል? ማኖቬላ የሚዞረው ወደ ቀኝ ነው፤ የሚነክሰው ደግሞ ይህንኑ ብሎን ነው። ብሎኑ ወደ ቀኝ የሚፈታ ቢሆን ኖሮ ሞተር ለማስነሣት በተሞከረ ቁጥር ብሎኑ ተፈትቶ መሬት ላይ ይወድቅ ነበር። ስለዚህ እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ይፈታል፤ በሰው መኪና ላይ ከመፍረድ በፊት ጥቂት ማሰብ ገንዘብ አይጠይቅም። 14ኛው ጸሐፊ ይቅርታ አልጠየቀም፣ ግን ምላሹን አጠፋው። እኔ ግን አንብቤው ነበርና ቁጥሩን ሳልዘል ጻፍሁት።

እዚህ ላይ የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። በ14ኛውና በ15ኛው መካከል አርባ ደቂቃ ነበር። በዚያ አርባ ደቂቃ ውስጥ ወደ ቀኝ ስቤዋለሁ።

16ኛ ምላሽ። እንዲያ ከሆነ ማኖቬላውን ራሱን አስገብቶ ወደ ግራ በማዞር ለምን አይፈታም የሚል፣ ከአንድ ወጣት። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም አስቤው ነበር።

17ኛ ምላሽ። ጋሼ ተመለሱ። ማኖቬላው የሚነክሳቸው የብሎኑ ራስ ጥርሶች በአንድ ጎን ቀጥ፣ በሌላው ጎን ተዳፋት ሆነው የተሠሩት ሆን ተብሎ መሆኑን አስረዱ። ሞተሩ ሲነሣ ከሰው እጅ ይፈጥናል፤ ያን ጊዜ ተዳፋቱ ማኖቬላውን ገፍቶ ያስወጣዋል። ባይሆን ኖሮ የስንቱ ክንድ ይሰበር ነበር። ስለዚህ ወደ ግራ ሲዞር ይንሸራተታል እንጂ አይነክስም። በዚያውም አውራ ጣትን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን አድርጎ ማኖቬላ መያዝን ለወጣቱ አስተማሩት፤ ጣት አቅፎ የያዘ ሰው ሞተሩ ወደ ኋላ ከመታው አውራ ጣቱን ያጣል። የእርሳቸው ግራ አውራ ጣት እንዴት እንደሆነች ግን አልነገሩንም።

18ኛ ምላሽ። የቁልፉን እጀታ ሻንሲው ላይ አስደግፌ ሞተሩን የሚያስነሣውን ሞተሪኖ ለአፍታ ብነካው ብሎኑ በራሱ ጊዜ ይፈታል የሚል። ነገሩ እውነት አለው። ሞተሩ ከፊት ሲታይ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ቁልፉ ከተያዘ ብሎኑ ወደ ግራ ይላላል።

19ኛ ምላሽ። የተቆጣ ሰው ነው፣ ቁጣውም ተገቢ። በእንዲህ ያለ ሥራ ቁልፉ ተፈናጥሮ የባልደረባውን ቅልጥም ሲሰብር በዐይኑ አይቷል። የኮይሉ ሽቦ ካልተነቀለ ሞተሩ ሊነሣ ይችላል። ማዕዘኑ በተላጠ ብሎን ላይ ደግሞ ቁልፉ አይያዝም፤ ይበራል። 18ኛውን ይህን ለማያውቀው ሰው የጻፍህ አንተ ሆስፒታል ሄደህ ትጠይቀዋለህ ወይ ብሎ አፋጠጠው። እኔም የመረጥሁት ይህን ወገን ነው። ሁለት እግር አለኝ፤ ቦቴው ሁለቱንም ይፈልጋቸዋል።

20ኛ ምላሽ። አጭርና ጠቃሚ ነው። ሞተሩ አብሮ እንዳይዞር ማርሽ አስገብቼ እንደሆነ ጠየቀ። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ እንደነበር ስናገር ስህተቴን አሳየኝ። በአንደኛ ማርሽ የሞተሩ ጉልበት ተባዝቶ ስለሚወርድ ፍሬኑን በቀላሉ ያሸንፈዋል፤ በአምስተኛ ግን ሳይባዛ ስለሚደርስ ፍሬኑ ይይዘዋል። ሠላሳ ዓመት የነዳሁ ሰው ይህን አላውቅም ነበር። አምስተኛ አስገባሁ፣ የእጅ ፍሬን ሳብሁ፣ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ደረደርሁ።

21ኛ ምላሽ። ቶርኖዋ እኅታችን ዳግም። ማዕዘኑ ለተላጠ ብሎን የተገዛ ቁልፍ እንደማይሆን፣ ብሎኑ ከተለካ በኋላ ጥብቅ ብሎ የሚገባ ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ ከደኅና ብረት ልትሠራልኝ እንደምትችል ጻፈች። እስከዚያ ላምባ እየቀባሁ ሁለት ሌሊት ላሳድረው። ከዚያ የብሎኑን ራስ ብቻ በእሳት ላሙቀው፤ ከፑሌጃው ኋላ ያለው ፓራኦሊዮ፣ ዘይት የሚያግደው ቀለበት፣ ጎማ ስለሆነ እርጥብ ጨርቅ ሳላጠልል እሳት እንዳላስጠጋ አስጠነቀቀች። ሲሞቅ ሰም ላስነካው፤ ሰሙ ቀልጦ በጥርሶቹ መካከል እየተሳበ ይገባል። ፑሌጃውን በመዶሻ መምታት ክልክል ነው፤ ቀልጦ የተቀዳ ብረት ስለሆነ ይሰነጠቃል። ፑለሩንም ጠርዙ ላይ አላንጠለጥል፤ ጠርዙ ይሸረፋል። እምብርቱ አጠገብ ሁለት ቀዳዳ በስቼ፣ ጥርስ አውጥቼ፣ በብሎን ልሳበው።

22ኛ ምላሽ። እንዲህ ያለ ትምህርት ከተሰጠ በኋላ ምን ይጠበቃል? አንድ ጸሐፊ ስለ ቋንቋችን አዘነ። ቺንጋ፣ ፑሌጃ፣ ብሎን፣ ኩሽኔታ፣ ፓራኦሊዮ፣ ሁሉም የጣሊያን ቃል ነው፤ ጣሊያን መንገዱን ሠርቶ ሲሄድ ጋራዡን ጥሎብን ሄደ አለ። ቀበቶና መዘውር ብለን እንድንጽፍ አሳሰበ። መዘውር እውነትም ጥሩ ቃል ነው። በቀበቶው ላይ ግን እዚያው ሥር የተቀጠለ አስተያየት መጣ፤ ፒያሳ ወርዶ የዚል ቀበቶ የጠየቀ ሰው ወደ ልብስ ተራ እንደሚላክ የሚያስረዳ። ጸሐፊው ቀልድ አልወደደም፤ ሦስት አንቀጽ መለሰ። አላነበብኋቸውም፣ እጄ ላምባ ነበር።

23ኛው እንግዲህ የሆነው ነገር ነው። ቁልፉን ከኮምቦልቻ አምጥቼ ሦስተኛው ቀን ላይ ብየዳ ሠራተኛ ጠራሁ። እርጥብ ጨርቁን ከፑሌጃው ኋላ ጠመጠምን፣ የብሎኑን ራስ አሞቅን፣ ባለቤቴ ለኪዳነ ምሕረት ካስቀመጠችው ጧፍ አንዱን ለምኜ አስነካሁት። ጢሱ ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ይል ነበር። ቀዝቀዝ ሲል ደገምን። በሦስተኛው እኔ የብሎኑን ራስ ፊት ለፊት በመዶሻ ቀስ እያልሁ ስመታ የእኅቴ ልጅ እጀታውን ተጫነ። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ እንደ ጥይት ጮኸ። ልጁ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። የጎረቤት ውሾች ሁሉ ተነሡ። ብሎኑ ዞረ።

ይሁንና የሚገርመው ከዚህ በኋላ ያየሁት ነው። ብሎኑ ሲወጣ የመጨረሻዎቹ ጥርሶቹ ተጨፍልቀው ነበር፤ ራሱም ላይ የስካርፔሎ፣ የብረት መሮ፣ ጠባሳ አለ። ከእኔ በፊት አንድ ሰው በስካርፔሎ ፈትቶት፣ ሲመልሰው አጣሞ አስገብቶታል። መንገድ ላይ ነክሶ ሲቀር የጠበቀ መስሎት ተወው። እምቢ ያለኝ ጠብቆ ስለነበረ ሳይሆን ተነክሶ ስለቆመ ነው፤ ፑሌጃውን አልጨበጠውም ነበር። ፑሌጃውን ሳወጣ ከዘንጉ ጋር የምታያይዘው ትንሽ የብረት ሽብልቅ ግማሽ ጎኗ ተበልቷል፣ የምትቀመጥበትም ቦይ ሰፍቷል። ፑሌጃው በየዙሩ ይወዛወዝ ነበር ማለት ነው። ቦዩ የተበላው በዕድሜ ብቻ አይደለም፤ በውዝዋዜ ነው። ሦስተኛው ጸሐፊ ግማሹን ነገረኝ፤ ሌላው ግማሽ ካልተፈታ አይታይም ነበር።

እኅታችን አሮጌውን ፑሌጃ፣ አዲሱን ቺንጋና ሽብልቋን አንድ ላይ እንዳመጣላት አዘዘችኝ፤ በመለኪያ ብቻ አልሠራም አለች። አዲሱን ቦይ በ36 ዲግሪ ቆረጠችው። አዲስ ሽብልቅ ሠራች፤ የብሎኑን ጥርስ አጸዳች፤ ለዘንጉ ጥርስ ደግሞ ማጽጃውን አዋሰችኝ። ስገጥመው ብሎኑ በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው ገባ፤ ከዚያ ነው ቁልፍ ያስነካሁት። በዚህ ሁሉ ውስጥ ደስ ያለኝ ሰዓት እርሱ ነው። ቺንጋዎቹን ከኋላ ካለው ጀምሬ መለስሁ፣ በሲባጎ መስመራቸውን አየሁ፣ በአውራ ጣት ተጫንሁ። በማግስቱ አዲስ ቺንጋ ስለሚለጠጥ ጥቂት አጠበቅሁት። ቦቴውን ሞልቼ ሐረጎን ወጣሁ። የሙቀት መለኪያው ከቦታው አልተነሣም፤ ከቤንዚኑ መለኪያ በቀር የተንቀሳቀሰ ነገር የለም።

3ኛውን ጸሐፊ በስሙ ፈልጌ አመሰገንሁት። ምንም አልመለሰም። በዚህ መድረክ ላይ ከዚያ አንድ መስመር ሌላ ጽፎ አያውቅም።

24ኛ ምላሽ። ትናንት ማታ የገባ ነው፤ ከኩታበሩ ባለወፍጮ። እንኳን ደስ ያለህ ካለኝ በኋላ አሮጌውን ፑሌጃ ጥየው እንደሆነ ጠየቀ። አልጣልሁትም፤ ነፋስ የግቢዬን በር እንዳይዘጋው ተደግፎበታል። ባለወፍጮው ከእኔ ሊገዛው ይፈልጋል፦ በቶርኖ ቦዩን አስጠልቆ ለወፍጮው ሊያደርገው። ወፍጮ ዝግ ብሎ ስለሚዞር የዚል ፑሌጃ ምንም አይሆንም ባይ ነው። ዋጋ አልጠራሁም። መጀመሪያ 5ኛው ጸሐፊ ይህን እስኪያነብ እየጠበቅሁ ነው።